የሠሪው ስም ወይስ የኩባንያው ምልክት? ስለ ቪዲዮ ጨዋታ ደራስያን የቀረበ አጭር ጥናት

መግቢያ

አንድ ሰው መጽሐፍ ለመግዛት ወደ መደብር ሲገባ የሚጠይቀው የደራሲውን ስም ነው እንጂ የማተሚያ ቤቱን ስም አይደለም። «የእገሌ አዲስ ድርሰት ወጥቷልን?» ይላል እንጂ ስለ ማተሚያ ቤቱ አዲስ ሥራ የሚጠይቅ አንባቢ እምብዛም አይገኝም። በሥዕልና በዜማም ነገሩ እንደዚሁ ነው። በቪዲዮ ጨዋታ ግን ይህ ልማድ ተገልብጦ እናገኘዋለን። አብዛኛው ተጫዋች የኩባንያውን ምልክትና የጨዋታውን ርእስ አጥርቶ ያውቃል፤ ጨዋታውን ያሰበውና ደንቡን ያወጣለት ሰው ማን እንደ ሆነ ቢጠየቅ ግን መልስ የለውም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ልማዱ ከየት እንደ መጣ መመርመር፣ ቀጥሎም ከኩባንያው ይልቅ ሠሪውን መከተል ምን ያህል እውነተኛ ዕውቀት እንደሚሰጥና የት ላይ እንደሚያሳስት በታወቁ ምሳሌዎች ማሳየት ነው። ጉዳዩ የጨዋታ ስለ ሆነ ቀላል መስሎ የሚታየው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ከሥሩ ያለው ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ በደመወዝ የሚሠራ ሰው ከእጁ በወጣው ሥራ ላይ ምን ድርሻ አለው? ይህ ጥያቄ ነገ ከነገ ወዲያ ተቀጣሪ የምንሆነውን ሁላችንንም ይመለከታል።

ስለ ቃላት አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ጨዋታ የሚያዘጋጀውን ሰው አንዳንዶች «ፈጣሪ» ይሉታል። እኔ ግን ይህን ቃል ለባለቤቱ ለእግዚአብሔር ትቼ «ደራሲ» ወይም «ሠሪ» የሚለውን መርጫለሁ። የተጠቀሱት ዘመናትም ተለይቶ ካልተነገረ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

1. ስም ያልነበራቸው ሠራተኞች

የነገሩ መነሻ በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ነው። ኖላን ቡሽኔልና ቴድ ዳብኒ በ1972 ያቋቋሙት አታሪ የተባለው ኩባንያ በ1976 ለዋርነር ኮሚዩኒኬሽንስ ተሸጠ፤ በ1977ም ከቴሌቪዥን ጋር እየተያያዘ የሚሠራ፣ ካርትሪጅ የሚለዋወጥለት የጨዋታ መሣሪያ አወጣ። በዚያ ጊዜ አንድ ጨዋታ ብዙውን ጊዜ ከአሳቡ ጀምሮ እስከ ሥዕሉና ድምፁ ድረስ የአንድ ሰው ሥራ ነበር። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ደራሲም፣ ሠዓሊም፣ ድምፅ አውጪም ነበር ማለት ነው። ይሁን እንጂ ኩባንያው የሠሪዎቹን ስም በሣጥኑም ሆነ በመመሪያው ወረቀት ላይ አያወጣም ነበር።

ይህን ሁኔታ ከተቃወሙት አንዱ ሚስተር ዋረን ሮቢኔት ናቸው። እርሳቸው የጻፉት «አድቬንቸር» የተባለው ጨዋታ በ1980 ለገበያ ቀረበ። ጠቅላላ መጠኑ 4 ኪሎባይት ብቻ ነበር። ሚስተር ሮቢኔት ግን በዚያች ጠባብ ስፍራ ውስጥ ለማንም ሳይናገሩ አንድ የተሰወረ ክፍል ሠሩ። ወደዚያ ለመግባት ተጫዋቹ ለዓይን የማትታይ የምታህል ትንሽ ነጥብ ፈልጎ ማንሣትና ወደ አንድ ግድግዳ ማምጣት ነበረበት። ገብቶ የሚያገኘው ወርቅ ወይም ሰይፍ ሳይሆን ጨዋታው የዋረን ሮቢኔት ሥራ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ ነበር። አንድ አሜሪካዊ ልጅ ይህን ክፍል አግኝቶ ለኩባንያው ደብዳቤ በጻፈ ጊዜ ሚስተር ሮቢኔት ሥራቸውን ለቀው ሄደው ነበር። ኩባንያውም ካርትሪጁን እንደ ገና ማዘጋጀት ወጪ የሚጠይቅ ስለ ሆነ ክፍሉን እንዳለ ተወው። ዛሬ በጨዋታ ውስጥ የሚደበቅ ነገር ሁሉ «የፋሲካ እንቁላል» እየተባለ የሚጠራው ከዚህ በኋላ ነው።

በእኛ የብራና መጻሕፍት መጨረሻ ላይ ያጻፈውና የጻፈው ሰው ሁለቱም በጸሎት እንዲታሰቡ ስማቸው ሲሰፍር እናያለን። ባለገንዘቡ ያጻፈበት ዋጋ የጸሐፊውን ስም አይፍቅም። ሚስተር ሮቢኔት በስውር የፈለጉት ክብር በዚያ ልማድ በግልጽ የሚሰጥ ነበር።

ሌሎቹ ደግሞ ከመደበቅ ይልቅ መውጣትን መረጡ። ዴቪድ ክሬን፣ ላሪ ካፕላን፣ አለን ሚለርና ቦብ ኋይትሄድ የተባሉት አራት የአታሪ ፕሮግራም ጸሐፊዎች የየጨዋታውን ሽያጭ የሚያሳይ ወረቀት ደረሳቸው። ሚስተር ክሬን በኋላ እንደ ተናገሩት፣ የአራቱ ሥራዎች ኩባንያው በ1978 ከካርትሪጅ ካገኘው 100 ሚሊዮን ዶላር ገቢ ውስጥ 60 ሚሊዮን ያህሉን አስገኝተው ነበር። እነርሱ ግን ከተራ ደመወዝ በቀር የሚያገኙት አልነበረም። ስማቸው እንዲጻፍላቸውና ከትርፉም ጥቂት ድርሻ እንዲሰጣቸው ቢጠይቁ፣ ካርትሪጁን ከሚገጣጥሙት ሠራተኞች በምንም እንደማይበልጡ ተነገራቸው። በዚህ የተነሣ ከጂም ሌቪ ጋር ሆነው በ1979 አክቲቪዥን የተባለ ኩባንያ አቋቋሙ። አዲሱ ኩባንያ የጨዋታውን ደራሲ ስም ያወጣ ነበር፤ በመመሪያውም ውስጥ ደራሲው ለተጫዋቹ ምክር የሚሰጥበት ስፍራ ነበረው። አታሪ በ1980 ከሰሳቸው፤ ጉዳዩም በ1982 በስምምነት አለቀ። በዚያው ዓመት የወጣው የሚስተር ክሬን «ፒትፎል» ከ4 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። እንግዲህ ሠሪውን የመከተል ልማድ በሚገባ የተጀመረው በዚህ ጊዜ ነው ለማለት ይቻላል። ደንበኛው ሣጥኑን አንሥቶ «ይህ የክሬን ሥራ ነው» ለማለት ቻለ።

በ1982 በትሪፕ ሆኪንስ የተመሠረተው ኤሌክትሮኒክ አርትስም በመጀመሪያ ዘመኑ ይህንኑ መንገድ ተከትሎ ጨዋታዎቹን እንደ ሙዚቃ ሸክላ ሽፋን ባለ ማሸጊያ አድርጎ፣ ደራስያኑንም እንደ አርቲስት እያስተዋወቀ ይሸጥ ነበር።

2. ሕጉ ስለ ባለቤትነት የሚለው

አራቱ ሰዎች ከአታሪ ሲወጡ የጻፏቸውን ጨዋታዎች ይዘው ሊወጡ አልቻሉም። ምክንያቱ የሕግ ነው። በአሜሪካ ሕግ ተቀጣሪ በሥራው ምክንያት ያዘጋጀው ድርሰት ደራሲው ቀጣሪው እንደ ሆነ ይቈጠራል። የጃፓን የደራሲነት መብት ሕግም በ15ኛው አንቀጽ ወደዚሁ ይመራል። በእኛም አገር በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው) መሠረት፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በስተቀር በቅጥር የተሠራ ሥራ የጥቅሙ መብት የቀጣሪው ነው። ሆኖም አዋጁ የአመንጪውን የሞራል መብት፣ ይኸውም የሥራው አመንጪ መሆኑ እንዲታወቅለት የመጠየቅ መብቱን፣ ከገንዘቡ መብት ለይቶ ያስቀምጠዋል።

ይህ ልዩነት ለጥናታችን ዋና ነገር ነው። ርእሱ፣ የባለታሪኩ ስምና መልክ፣ የንግድ ምልክቱ በኩባንያው መዝገብ ይቀራሉ። የሠሪው አስተሳሰብ፣ የእጁ ልማድና ልምዱ ግን ከሰውዬው ጋር በበሩ ይወጣሉ። ስለዚህ ደራሲና ኩባንያ በተለያዩ ጊዜ ተጫዋቹ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ የሚወደው ነገር በርእሱ ውስጥ ቀርቷል ወይስ ከሰውዬው ጋር ሄዷል?

3. ሂዴዎ ኮጂማና ኮናሚ

ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የበለጠ ምሳሌ የሚሆነው የጃፓናዊው የሚስተር ሂዴዎ ኮጂማ ታሪክ ነው። ኮናሚ ከተባለው ኩባንያ በ1986 ተቀጠሩ፤ በ1987ም «ሜታል ጊር»ን አወጡ። በዚያ ዘመን የጦርነት ጨዋታ ማለት ፊት ለፊት መተኮስ ነበር። የእርሳቸው ጨዋታ ግን ተጫዋቹ ከጠላት ዓይን ተሰውሮ በማለፍ እንዲያሸንፍ ያደርግ ነበር። በ1998 የወጣው «ሜታል ጊር ሶሊድ» ስማቸውን በዓለም ዙሪያ አሳወቀ። እንደ ሲኒማ የረዘሙ ትዕይንቶች፣ ስለ ኑክሌር መሣሪያ የሚያስጠነቅቅ ታሪክ፣ ከተጫዋቹ ጋር በቀጥታ የሚነጋገሩ ባለታሪኮች የእጃቸው ምልክቶች ሆኑ።

በ2015 በሚስተር ኮጂማና በኩባንያው መካከል ያለው ግንኙነት ሻከረ። በዚያ ዓመት በመስከረም ወር የወጣው «ሜታል ጊር ሶሊድ 5» በሣጥኑ ላይ አስቀድሞ የነበረው የደራሲው ስም ተነሥቶለት ቀረበ። ነገር ግን ሣጥኑ ያጣውን ስም ጨዋታው ራሱ ጠብቆት ነበር። እያንዳንዱ ክፍል እንደ ቴሌቪዥን ድራማ የሠሪዎቹን ስም እያሳየ የሚጀምር በመሆኑ፣ ተጫዋቹ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሂዴዎ ኮጂማን ስም ደጋግሞ ያነብባል። በታኅሣሥ ወርም ጨዋታው ሽልማት ባገኘበት ሥነ ሥርዓት ላይ ኩባንያው እንዳይገኙ እንደ ከለከላቸው አዘጋጁ በመድረክ ላይ ተናገረ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሚስተር ኮጂማ የራሳቸውን ድርጅት ማቋቋማቸውን አስታወቁ።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ነገር እንደ ቤተ ሙከራ ፈተና ሊቈጠር የሚችል ነው። ኮናሚ ርእሱን ይዞ ቀረ፤ ሚስተር ኮጂማ ደግሞ ያለ ርእስ ወጡ። ኮናሚ በ2018 «ሜታል ጊር ሰርቫይቭ»ን ያለ እርሳቸው አወጣ፤ ተቺዎችና የቀድሞ ወዳጆቹም በቀዝቃዛ ስሜት ተቀበሉት። ሚስተር ኮጂማ በ2019 «ዴዝ ስትራንዲንግ»ን አወጡ። የዚህ ጨዋታ ባለታሪክ በፈረሰች አሜሪካ ውስጥ ሸክም ተሸክሞ ወንዝና ተራራ እያቋረጠ የተለያዩትን ከተሞች የሚያገናኝ መልእክተኛ ነው። ርእሱም ታሪኩም ፍጹም አዲስ ነው። ሆኖም የቀድሞውን ሥራ የሚያውቅ ሰው እጁን ወዲያው ይለየዋል፤ ትዕይንቱ ረጅም ነው፤ መግደል እንደ ሽንፈት ይቈጠራል፤ ነገሩም እንግዳ ነው። ሁለተኛው ክፍል በ2025 ወጥቷል።

ግን ከዚህ ላይ አንድ ነገር መታለፍ የለበትም። ሚስተር ኮጂማ ብቻቸውን አልወጡም። ለብዙ ዓመታት የባለታሪኮቻቸውንና የመሣሪያዎቻቸውን ሥዕል የሣሉት ሚስተር ዮጂ ሺንካዋ አብረዋቸው ሄደዋል። የጨዋታውንም የቴክኒክ መሠረት ያገኙት ጌሪላ ጌምስ ከተባለው የኔዘርላንድ ድርጅት ነው። እንግዲህ «አንድ ሰው ተከተልን» ስንል ብዙ ጊዜ የምንከተለው አንድን ሰውና ባልንጀሮቹን ነው።

4. ርእሱ ሲያሸንፍ

ፈተናው ሁልጊዜ ለደራሲው አይፈርድም። ለስም ክብር የተመሠረተው አክቲቪዥን ከ30 ዓመት በኋላ ራሱ ትልቅ ኩባንያ ሆኖ ነበር። በ2009 የወጣው «ኮል ኦፍ ዲዩቲ፥ ሞደርን ዋርፌር 2» በጥቂት ወራት ውስጥ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሽያጭ አስገኘ። በመጋቢት 2010 ግን አክቲቪዥን የጨዋታውን ሠሪ ድርጅት መሪዎች ጄሰን ዌስትንና ቪንስ ዛምፔላን ከሥራ አስወጣ። ሁለቱ ሰዎች ያልተከፈለ ገንዘብ አለን ሲሉ ከሰሱ፤ ኩባንያውም በበኩሉ ከሰሳቸው፤ በ2012 ተስማሙ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሪስፖን የተባለ ድርጅት አቋቁመው ብዙ የቀድሞ ባልንጀሮቻቸው ተከተሏቸው። በ2014 «ታይታንፎል» ወጣ፤ በ2019 ደግሞ «ኤፔክስ ሌጀንድስ» በእጅግ ብዙ ተጫዋቾች ዘንድ ተወደደ።

ይሁን እንጂ «ኮል ኦፍ ዲዩቲ» አልወደቀም። በ2011 የወጣው ተከታይ ክፍል 1 ቢሊዮን ዶላር ለማስገባት የፈጀበት ጊዜ 16 ቀን ብቻ ነበር። ገዢው ሕዝብ ስለ ሰዎቹ መሄድ አልሰማም፤ ቢሰማም ግድ አልነበረውም። ከዚህ የምንረዳው ሽያጭ ርእስን እንደሚከተል ነው። አዲስ ነገር ግን ሰዎቹ በሄዱበት በኩል ተወለደ። ስለዚህ «ማን ተሸጠ?» የሚለውና «ማን አዲስ ነገር አመጣ?» የሚለው ጥያቄ ተለያይተው መጠየቅ አለባቸው።

5. ስም የሚያሳስትበት ጊዜ

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው የስም ዝና ከእውነተኛው ሥራ ጋር ያልተጣጣመ እንደ ሆነ ነው። ካፕኮም በ1987 ያወጣው «ሜጋ ማን» ለብዙ ዘመን በሕዝብ ዘንድ የሚስተር ኬይጂ ኢናፉኔ ሥራ እየተባለ ይታወቅ ነበር። እርሳቸው ግን በዚያ ጨዋታ ላይ ሥዕል የሚሠሩ አዲስ ተቀጣሪ ነበሩ፤ አሳቡን አስቦ ሥራውን የመራው አኪራ ኪታሙራ የተባለ ሰው ነው። ይህን ሚስተር ኢናፉኔ ራሳቸው በአደባባይ ተናግረዋል። ስሕተቱ የተስፋፋበት አንዱ ምክንያት በዚያ ዘመን የጃፓን ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸው በተወዳዳሪ እንዳይወሰዱባቸው በመስጋት እውነተኛ ስማቸውን ስለማያወጡ ነው። በጨዋታው መጨረሻ ኪታሙራ በሁለት ፊደል ብቻ፣ ኢናፉኔም በቅጽል ስም ተጠቅሰዋል። ስም በተሸሸገበት አገር ዝና በአጋጣሚ ይታደላል።

ሚስተር ኢናፉኔ በ2010 ካፕኮምን ለቀቁ። በ2013 ኪክስታርተር በተባለው የሕዝብ መዋጮ መንገድ «ማይቲ ነምበር 9» ለተባለ፣ ሜጋ ማንን ለሚመስል ጨዋታ ከ3.8 ሚሊዮን ዶላር በላይ አገኙ። ጨዋታው ብዙ ጊዜ ከዘገየ በኋላ በ2016 ሲወጣ አዋጪዎቹ አዘኑ። ካፕኮም ደግሞ በ2018 «ሜጋ ማን 11»ን ያለ እርሳቸው አውጥቶ ምስጋና አተረፈ። በዚህ ፈተና ኩባንያው አሸነፈ ማለት ነው።

ተቃራኒ ምሳሌም አለ። ለብዙ ዓመታት የኮናሚን «ካስልቬኒያ» ያዘጋጁ የነበሩት ሚስተር ኮጂ ኢጋራሺ በ2014 ለቀው፣ በ2015 በዚያው የመዋጮ መንገድ ከ5.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰቡ። በ2019 የወጣው «ብለድስቴይንድ» አዋጪዎቹን አላሳፈረም። የዜማው ደራሲ ሚስ ሚቺሩ ያማኔም ከቀድሞው ሥራ አብረው መጥተው ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው? አንደኛው የታመነው በዝናው ሲሆን ሁለተኛው የታመነው ለብዙ ዓመት በእጁ በሠራው ሥራ ነው።

ኔንቴንዶም ትምህርት ይሰጠናል። ሚስተር ሺጌሩ ሚያሞቶ በ1977 ተቀጥረው በ1981 «ዶንኪ ኮንግ»ን፣ በ1985 «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ»ን አወጡ፤ ብዙ ሰው የኩባንያውን ሥራ ሁሉ የእርሳቸው አድርጎ ይቈጥራል። ነገር ግን በ2017 የወጣውና ብዙ የተመሰገነው «የዜልዳ ታሪክ፥ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ» ዲሬክተሩ ሚስተር ሂዴማሮ ፉጂባያሺ ናቸው። እኚህ ሰው አስቀድሞ በካፕኮም በኩል ሆነው በ2001 የወጡትን ሁለት የዜልዳ ጨዋታዎች መርተዋል። ታላቁን ስም ብቻ የሚከተል ይህን የ16 ዓመት መንገድ ሳያየው ያልፋል።

6. ብዙ እጆች

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው፣ የዛሬው ትልቅ ጨዋታ የመቶዎች፣ አንዳንድ ጊዜም የሺዎች ሥራ ነው። የ1980ው «አድቬንቸር» በእርግጥ የአንድ ሰው ነበር፤ የዛሬውን በአንድ ሰው ስም መጥራት ግን ሌሎቹን መልሶ ስም አልባ ማድረግ ይሆናል። አታሪ በአንድ ሰው ላይ ያደረገውን እኛ በብዙዎች ላይ እናደርገዋለን ማለት ነው።

ችግሩ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። በ2021 «ሜትሮይድ ድሬድ» በወጣ ጊዜ፣ ሠሪው የስፔን ድርጅት ሥራው ከፈጀው ጊዜ ከ25 በመቶ በታች ያገለገሉትን ስማቸውን እንደማይጽፍ ታውቆ ቅሬታ ተነሥቷል። በዚህ ሙያ በስም ዝርዝር ውስጥ መገኘት የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ለሚቀጥለው ቀጣሪ የሚቀርብ የሥራ ምስክርም ነው። ስሙ የሌለ ሠራተኛ ወራት ደክሞ የሚያሳየው ነገር ያጣል።

መደምደሚያ

ከላይ ከተባለው ሁሉ ለተማሪ የሚጠቅም የአጠናን መንገድ ማውጣት ይቻላል። በመጀመሪያ፣ ጨዋታው ሲያልቅ የሚወርደውን የስም ዝርዝር ሳይዘጉ ማንበብ ነው። ሁለተኛ፣ የሥራ ክፍሎቹን መለየት ነው፤ ዲሬክተር ሥራውን ይመራል፣ ፕሮዲዩሰር ገንዘቡንና ጊዜውን ያስተዳድራል፣ ዲዛይነር ደንቡን ያወጣል። አንድ ስም በሁለት ጨዋታ ላይ ቢገኝም በሁለቱ ላይ ያለው ሥራ የተለያየ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ ሰውዬው ከመውጣቱ በፊትና በኋላ የተሠሩትን ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ወስዶ ማነጻጸር ነው። አራተኛ፣ ከእርሱ ጋር እነማን እንደ ወጡና እነማን እንደ ቀሩ መመርመር ነው። በዚህ መንገድ የሚከተል ሰው ዝነኛውን ብቻ አያመልክም፤ ያልታወቀውንም አስቀድሞ ያውቃል።

«ሥራ ለሠሪው፥ እሾህ ለአጣሪው» ይላል ያገራችን ሰው። ሕጉ ሥራውን ለሠሪው ባይሰጥም ስሙን እንዳይነፍገው እኛ አንባቢዎችና ተጫዋቾች ልንረዳ እንችላለን። ሚስተር ሮቢኔት ስማቸውን በስውር ክፍል የደበቁት በግልጽ የሚጽፍላቸው ስላጡ ነው። እኛም ለትምህርት በቡድን የምናዘጋጀውን ሥራ ስናቀርብ ማን ምን እንደ ሠራ ለይተን ብንጽፍ፣ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ስንቀጠር የምንጠይቀውን ፍርድ ዛሬ በራሳችን ላይ መጀመራችን ይሆናል።